«ሞዴሉ ያውቀዋል» ማለት ምን ማለት ነው?

ዋርካ፦ ትናንት እዚሁ «ለኤጀንት (በቋንቋ ሞዴል እየተመራ ሥራ ለሚሠራ ፕሮግራም) ሕግና የእውቀት ግራፍ መጻፍ ያለፈበት ነው፤ ጽሑፉን ሁሉ ቬክተር ዳታቤዝ (በትርጉም የሚቀራረብ ጽሑፍ ፈልጎ የሚያወጣ ማከማቻ) ውስጥ ክተቱት፣ የቀረውን ሞዴሉ ያውቀዋል» ተባለ። አልቀበለውም! ደንበኛ መጀመሪያ «ቦሌ ነው የምኖረው»፣ ከወራት በኋላ «ሲኤምሲ ገብቻለሁ» ቢል ሁለቱም ይቀመጣሉ። «የት ይኖራል?» ተብሎ ሲፈለግ ሁለቱም ይወጣሉ። የቬክተር ቅርበት የትኛው እንደተሻረ አይናገርም።

ጠጠር፦ ቀን ጨምርበትና የመጨረሻውን ውሰድ። ለዚህ ኦንቶሎጂ፣ ማለትም ምን ዓይነት ነገሮች እንዳሉና እንዴት እንደሚዛመዱ የሚደነግግ ጽሑፍ፣ ምን ያደርጋል?

ዋርካ፦ የኋለኛው ሁልጊዜ የፊተኛውን አይሽርም። «ኦቾሎኒ አለርጂዬ ነው» ያለ ሰው ነገ «ወተትም» ቢል ሁለቱም ይጸናሉ። የመኖሪያ አድራሻ አንድ፣ አለርጂ ግን ብዙ ሊሆን እንደሚችል አንድ ቦታ መጻፍ አለብህ። እሱን ስትጽፍ ኦንቶሎጂ ጻፍክ ማለት ነው።

ሐመር፦ ስትሪፕስ የተባለው የሮቦት ድርጊት ማቀጃ ፕሮግራም እኮ እ.ኤ.አ. በ1971 ለእያንዳንዱ ድርጊት ቅድመ ሁኔታ፣ የሚጨመር እና የሚሰረዝ ዝርዝር ነበረው። ሮቦቱ ከክፍል 1 ወደ ክፍል 2 ሲያልፍ «ክፍል 1 ነው» የሚለው ይሰረዛል። የዛሬዎቹ ኤጀንቶች መጨመሩን ይዘው መሰረዙን ጣሉት።

ጠጠር፦ የሚሰረዘውን ማን ይጽፈዋል? ሼኪ፣ ያ በስትሪፕስ ያቅድ የነበረው ሮቦት፣ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ክፍሎችና ሳጥኖች መሃል ነበር። የኮምፒውተር ትእዛዞችን ያዋቅር የነበረው ኤክስኮን ሕጎቹ በሺዎች ሲቆጠሩ እነሱን ማደሱ ራሱ ትልቅ ሥራ ሆነ። ተራ የሰው እውቀትን ለኮምፒውተር ለመጻፍ የተነሳው ሳይክ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ስንት ዓመት በእጅ ተጻፈ? የኢንፌክሽን ሕክምና የሚያማክረው ፕሮግራም ማይሲንም 600 ያህል ሕግ ይዞ ሆስፒታል አልገባም።

ሐመር፦ ማይሲንን እዚህ አታስገባ። እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ ግምገማ ምክሩ ከስታንፎርድ ሐኪሞች ምክር አላነሰም። ያልገባው እውቀት አንሶት አይደለም።

ጠጠር፦ ጥቅም ላይ አለመዋሉን ግን አልካድክም።

ኮከብ፦ ማይሲንን ተዉትና ሰዓት ላይ እንምጣ። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለውን 03:00 ብሎ የመዘገበ ኤጀንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ይቀሰቅሳል። ይሄንንም ሞዴሉ ያውቀዋል?

ጠጠር፦ ጠይቀው፣ 09:00 ይልሃል።

ኮከብ፦ ሲጠየቅ መመለስ ሌላ፣ መዝግቦ መያዝ ሌላ። የሰውየውን ቃልና 09:00ን ጎን ለጎን፣ የትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ጭምር ካልያዘ፣ ስህተቱ ቃሉ ሲሰማ ወይም ሰዓቱ ሲቀየር መፈጠሩን በምን ትለያለህ?

ጠጠር፦ ሎጉን፣ የሥራ መዝገቡን፣ አያለሁ።

ዋርካ፦ ሎጉ ላይ ያለው 03:00 ብቻ ነው እኮ!