ከደምበጫ፦ ግራፊክ ዲዛይን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለመማር ምን ላዘጋጅ?

ጠያቂ (ደምበጫ)

እንዴት ከረማችሁ? ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈትኜ አልፌያለሁ። ግራፊክ ዲዛይን መማር እፈልጋለሁ። አባቴ ግን አልተዋጠለትም። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም፤ ጤና ግቢ» ይለኛል።

ሁለት ክረምት ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በስልኬ ካንቫ በሚባለው የዲዛይን መተግበሪያ ባነር እሠራለሁ። ባለፈው ግንቦት የጎረቤታችንን ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። 200 ፍሬ ታተመ። ስክሪኑ ላይ ለምለም የነበረው አረንጓዴ የደረቀ ቅጠል መስሎ መጣ። ይባስ ብሎ የሙሽራዋ ስም ላይ ያለው «ፀ» ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። እናቷ ካርዱን አንድ በአንድ እያነሱ በእስክሪብቶ ሲሞሉት አይቼ አለቀስኩ። በወጉ ልማረው ያልኩት ያን ቀን ነው።

የት ልማር? ሥዕል መቻል ግዴታ ነው? ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። እስከ ምዝገባ ድረስ ምን ልሥራ?

የ3ኛ ዓመት ተማሪ (የቢቸና ልጅ፣ አዲስ አበባ)

እኅቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። በዚህ ሙያ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ነው ያቋቋሙት። እዚያ ለመግባት የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ የተግባር ፈተናም አለ። የምዝገባው ጊዜ እንዳያልፍሽ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ከአሁኑ ተከታተይ።

ሥዕል ግዴታ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ ነው። ተሰጥኦ ማለቴ ግን አይደለም፤ ማየት ነው። ነገ ጠዋት የቤታችሁን ጀበና መስኮት አጠገብ አስቀምጪው። ብርሃኑ በአንድ ጎን ይምታው። በእርሳስ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሳዪው። ብዙ ሰው ጀበና ሳል ሲባል ፊቱ ያለውን ትቶ በሐሳቡ ያለውን ጀበና ነው የሚስለው። አንቺ የቤታችሁን ሳዪ። የአንገቱ ርዝመት ከሆዱ ጋር ሲተያይ ስንት ነው? እጀታው ከየት ይነሳል? ጥላው የት ጋ ይጠቁራል፣ የት ጋ ይሳሳል? 2ቢ እና 4ቢ የሚባሉት ለስላሳ፣ ጠቆር አድርገው የሚጽፉ እርሳሶች ይበቁሻል። ላጲስ አታብዢ። ቀኑን እየጻፍሽ ሁሉንም አስቀምጪ፤ የተበላሸውንም አትጣይው።

ማተሚያ ቤት 11 ዓመት የሠራሁ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ የካርዱ ነገር አንቺን ብቻ የገጠመ አይደለም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ። አርጂቢ የምንለው እሱን ነው። ማተሚያው የሚሠራው በ4 ቀለም ነው፤ ሳያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫና ጥቁር። እሱ ሲኤምዋይኬ ይባላል። የብርሃንን ድምቀት ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም አያመጣውም። የሚያበራ አረንጓዴ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ለሕትመት የምትሠሪውን ከመነሻው በሲኤምዋይኬ ጀምሪ። ከ200ው በፊት አንድ ፍሬ አሳትመሽ ደጅ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው።

ሳጥኑ የመጣው በፎንት ነው። ወይ ፎንቱ ያ ፊደል የለውም፣ ወይ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የኮምፒውተር መጻፊያዎች ግዕዙን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። በእነሱ የሚሠራ ዛሬም አለ። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት ይተራመሳል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ዩኒኮድ ናቸው። ሥራሽን ስትጨርሺ ጽሑፉን ወደ ከርቭ ቀይሪው። ያኔ ፊደሉ ቅርጽ ይሆናል፤ የትም ቢከፈት አይለወጥም። ግን ከዚያ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልምና የሚታረመውን ቅጂ ለብቻ አስቀምጪ። በየጠርዙ፣ ወረቀቱ ሲቆረጥ የሚወገድ፣ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምረሽ ቀለሙን እስከዚያ አድርሺው። ፎቶ ካለው ጥራቱ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ስሞቹን ደግሞ ከሙሽሮቹ ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

በራሴ የተማርኩ (ባሕር ዳር)

ከተማሪው ወንድሜ ትንሽ እለያለሁ። እኔ ዲግሪ የለኝም፤ በዚሁ ሥራ ግን ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ደንበኛ ወረቀት ጠይቆኝ አያውቅም። «የሠራኸውን አሳየኝ» ነው የሚለኝ። ስለዚህ ምደባው ባይሳካልሽ ተስፋ አትቁረጪ።

በ4 ጊጋ መጀመር ይቻላል። ለሎጎና ለፊደል ኢንክስኬፕ፣ ለፎቶ ጊምፕ ጫኚ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፊግማ የሚባለው የዲዛይን መሥሪያም ጥሩ ነው፣ ግን ኔት ይፈልጋል፤ የእኛ አካባቢ ኔት ደግሞ ሲጠፋ ይጠፋል። ኔት ባገኘሽ ቀን መጫኛዎቹንና የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹን አውርደሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ብር ስታገኚ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) አስገቢበት፣ ቀጥሎ ራሙን 8 አድርጊው። አዲስ ላፕቶፕ ይገዛልኝ ብለሽ አባትሽን አታስጨንቂ።

ቅርብ ልሁን ካልሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ውስጥ ፋሽን ዲዛይን አለ። ግራፊክ አይደለም። ግን ቀለምና ጥለት የሚወድ ሰው አይከፋበትም።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ

ደንበኛ ወረቀት አይጠይቅም ያልከው ልክ ነው። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራዬ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የክፍል ጓደኞቼ «ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው እዚህ ነው፣ ርእሱን አላየሁትም» ሲሉኝ። ቤቴ ብቻዬን ብሆን ይህን የሚነግረኝ አላገኝም ነበር።

የአብነት ተማሪ የነበርኩ (ምሥራቅ ጎጃም)

እኔ ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም። ብራና ሲጻፍ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አድጌያለሁ። ከመጻፉ በፊት ብራናው በወስፌ ይሰመራል። ቀለም የለውም፤ ጫን ተደርጎ ሲሰመር የሚቀር ጭረት ነው። ጸሐፊው መስመሩን ሳይለቅ ይሄዳል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። ታዲያ ጸሐፊው ቅዱስ ስም ሲደርስ ብርዑን ቀይ ቀለም ውስጥ ይነክራል። ገጹን ሳታነቢ ዓይንሽ እዚያ ያርፋል። ከምዕራፉ አናት ላይ ሐረግ ይሳላል፤ እዚህ ጀመረ ማለት ነው። እናንተ ዲዛይን የምትሉት ይኸው አይደል?

ዘጌ የመሄድ ዕድል ካገኘሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ የግድግዳውን ሥዕል እዪ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሻል፣ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማን ማን እንደሆነ ሳይነገርሽ ትለዪያለሽ። አስፈቅደሽ ደብተርሽ ላይ ገልብጪው።

መምህርት (ፍኖተ ሰላም)

አባትሽን በክርክር አትረቺም። አንድ ቀን ይዘሻቸው ዋናውን መንገድ ሂጂ። የመድኃኒት ቤቱን ሰሌዳ፣ የማር ማሸጊያውን፣ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አሳዪያቸው። እያንዳንዱን ሰው ከፍሎበት እንዳሠራው ንገሪያቸው። ብሩን አንቺ አትናገሪ፤ ባለሱቁን ራሳቸው ይጠይቁት።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንብቤ ሳልጨርስ ነው ጀበናውን መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት። 4 ጊዜ ሳልኩት። አራተኛውን መደብ ላይ ትቼው ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ አባቴ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝና «አፉ የተሸረፈው የእኛው ነው» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሆዱ ላይ፣ ጥላው በጣም በጠቆረበት በኩል፣ ጠርዙ ጋ ስስ ብርሃን ይታየኛል። ትክክል ነው ወይስ ዓይኔ ነው?

የ3ኛ ዓመት ተማሪ

ትክክል አይተሻል። ብርሃኑ ከግድግዳው ወይም ከመደቡ ነጥሮ ተመልሶ ነው የመታው። ተዪው፣ አታጥቁሪው። ክብ የሚያስመስለው እሱ ነው። ነገ አጠገቡ ነጭ ነጠላ አጥፈሽ አስቀምጪና እንደገና ሳዪው።