የኒዮ ጂኦ ቦርድ ባትሪው ፈስሶ «ባክአፕ ራም ኤረር» ይላል፤ ጥገናውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ ከ፦ ጣና ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ ጌም ቤት አለኝ። ከፕሌይስቴሽኖቹ ጎን፣ አጎቴ ከዓረብ አገር ሲመለሱ ያመጡት አንድ ባለ ሣጥን የቆየ መጫወቻ ቆሟል። ውስጡ ያለው ቦርድ ኤስኤንኬ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጫወቻ ቤቶች ያቀረበው ኒዮ ጂኦ ኤምቪኤስ ሲሆን፣ አንድ ካርትሪጅ ብቻ የሚቀበለው ዓይነት ነው። ክረምቱን ሙሉ ተሸፍኖ መጋዘን ውስጥ ቆይቶ በመስከረም ስናበራው ጨዋታው አልጀምር አለ። በምትኩ «ባክአፕ ራም ኤረር» (በባትሪ የሚጠበቀው ማስታወሻ ላይ ስሕተት አለ) የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ከሥሩም የተጻፈው 5555፣ የተነበበው 5515 እንደሆነ ያሳያል። ደጋግሜ አጥፍቼ ባበራውም ቁጥሮቹ አይለወጡም።

ቦርዱን ስፈታው 3.6 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት በርሜል መሳይ ባትሪ ፈስሶ፣ ዙሪያው አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። በአጠገቡ የሚያልፉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮችም ጠቁረዋል። አንድ የሞባይል ጥገና ባለሙያ አይሲዎቹን (ቺፖቹን) በሆት ኤር ማሞቅ በቂ ነው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም ራሞች አውጥቼ እንድቀይር መከረኝ። ቴስተርና ሶልደሪንግ አይረን መጠቀም እችላለሁ፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ቦርድ በከተማችን በቀላሉ ስለማይገኝ ቸኩዬ ላበላሸው አልፈልግም። የሰፈሩ ልጆች ዛሬም ድረስ «መቼ ይሠራል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለምታደርጉልኝ ትብብር ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

መልስ ከ፦ የፖሊ ግቢ ቴክኒሻን

ወንድሜ ጣና ዳር፣ ሆት ኤሩም ራም መቀየሩም ለጊዜው ይቆዩ። ቦርድዎ የቆሰለው የት እንደሆነ ራሱ እየነገረዎት ስለሆነ በመጀመሪያ የሚለውን እናንብብ።

ጽሑፉ ስክሪን ላይ መውጣቱ በራሱ ትልቅ ዜና ነው። ይህ ማለት ዋናው ሲፒዩ ማለትም 68000፣ ባዮሱ (የማስነሻ ፕሮግራሙ) የተጻፈበት ሮም እና ምስል የሚያወጣው ክፍል በአብዛኛው ጤነኞች ናቸው። ሲፒዩው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዋችዶግ የሚባለው ጠባቂ ወረዳ ቦርዱን በየቅጽበቱ እንደገና እያስነሣው ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ሲል ያዩት ነበር እንጂ የተስተካከለ ጽሑፍ አያገኙም ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። የተጻፉት በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሆነ እያንዳንዱ አኃዝ አራት ቢት ይይዛል። 5555 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 0101 0101 0101 0101 ነው፤ 5515 ደግሞ 0101 0101 0001 0101 ነው። ሁለቱን አስተያይተው ሲመለከቱ የተለየው አንድ ቢት ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከቀኝ በኩል ከዜሮ ተነሥተን ስንቆጥር ቢት 6 ነው። ሲፒዩው በአንድ ጊዜ 16 ቢት ስለሚያነብና እያንዳንዱ ራም 8 ቢት ብቻ ስለሚይዝ፣ የግራዎቹ ሁለት አኃዞች ከአንደኛው ራም፣ የቀኞቹ ሁለት ደግሞ ከሌላኛው ይመጣሉ። የግራው 55 ሳይጎድል ተመልሷል። እንግዲህ አንደኛው ራም ደኅና ሆኖ ሳለ ሁለቱንም ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? ያረጀ ቦርድ ላይ ደኅና አይሲ በነቀሉ ቁጥር ፓድ (እግሩ የተበየደበትን መዳብ) የመንቀል አደጋ ይጨምራል።

ጥርጣሬዬ በዝቅተኛው ባይት ራም፣ ማለትም የቀኞቹን ሁለት አኃዞች በሚይዘው ላይ ቢሆንም ራሙን ገና አልከስሰውም። እነዚህ ራሞች 62256 ከሚባለው ባለ 28 እግር ዓይነት ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው፤ 14ኛው እግር ግራውንድ፣ 28ኛው የኃይል መግቢያ፣ የመረጃ እግሮቹ ደግሞ 11፣ 12፣ 13፣ 15፣ 16፣ 17፣ 18 እና 19 ናቸው። በዚህ ቅደም ተከተል ቢት 6 የሚወድቀው 18ኛው እግር ላይ ነው። ሲፒዩዎ ባለ 64 እግሩ ረጅሙ ዓይነት ከሆነ ይኸው ቢት የሚወጣው በ63ኛው እግር ነው። ኃይሉን አጥፍተው በቴስተር ከ63ኛው እስከ 18ኛው ይለኩ። ድምፅ ካልሰጠ ወደ ድምዳሜ ሳይቸኩሉ 63ኛውን ከሌሎቹ የመረጃ እግሮች ጋርም ይሞክሩት፤ ለራም የመረጃ መስመሮቹ ቢለዋወጡ አሠራሩ ስለማይጓደል አንዳንድ ጊዜ ንድፍ አውጪዎች ለመስመር ዝርጋታው እንዲመቻቸው ያቀያይሯቸዋል። ከአንዱም ጋር ካልተገናኘ መስመሩ ተበልቷል ማለት ነው።

ቁጥሩ አለመለዋወጡ ደግሞ ሊያሳስትዎት አይገባም። የተቆረጠ መስመር ንባቡ ይዋዥቃል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ነገር ግን ባሱ (የጋራ የመረጃ መስመሮቹ) ላይ ቀደም ብሎ ያለፈው መረጃ በመስመሩ ላይ ለቅጽበት ስለሚቆይ፣ ያው ፕሮግራም በሮጠ ቁጥር ያው የተሳሳተ ንባብ ሊመጣ ይችላል።

መልስ ከ፦ ግሽ ዓባይ ኤሌክትሮኒክስ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ሆኖ፣ ከዚያ አስቀድሞ ግን ቮልቴጁ ይለካ። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጫወቻ ቦርዶች ማገናኛ ደንብ፣ በጃማ ስታንዳርድ መሠረት የቦርዱ ጠርዝ 56 መገናኛዎች ሲኖሩት፣ 1ኛውና 2ኛው ግራውንድ፣ 3ኛውና 4ኛው 5 ቮልት፣ 6ኛው 12 ቮልት ናቸው፤ ከጀርባ በኩልም ትይዩዎቻቸው እንደዚያው ናቸው። ልኬቱን ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሳይሆን ቦርዱ በርቶ ሳለ አይሲው እግር ላይ ያድርጉት፤ ሲፒዩው አጠገብ ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ካገኙ የራም ስሕተቱን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልቱ ላይ በቂ ጭነት ሳይኖረው ሲቀር 5 ቮልቱ ልክ የማይሆንበት ጊዜ አለ። መብራት በሄደ ጊዜም ሶኬቱን ነቅለው፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ይጠብቁ።

መልስ ከ፦ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም በደንብ አስረድታችኋል። እኔ የምጨምረው ስለ እጥበቱ ነው፤ በብዙ የተበላሹ ቦርዶች ላይ ያየሁት ጉዳት የመጣው ከባትሪው ሳይሆን፣ ሳይታጠብ ሊድ ከፈሰሰበት በኋላ ነውና።

ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ የሚወጣው ፈሳሽ አሲድ ሳይሆን ተቃራኒው ነው፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ አልካሊ ነው። ስለዚህ በአልኮል ብቻ ቢያብሱት ዱቄቱ ይነሣል እንጂ የሚበላው ነገር ቦርዱን ከሸፈነው አረንጓዴ ቀለም ሥር አይጠፋም። የሚያከሽፈው ደካማ አሲድ ነው፤ እቤታችን ያለው አቼቶ ለዚህ በቂ ነው። በመጀመሪያ ጓንት ያድርጉ፣ ባትሪውን እግሮቹን በመቁረጫ ቆርጠው ያውጡ፤ ካድሚየም መርዛማ ስለሆነ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ውስጥ እንዳይጣል አደራ እላለሁ። ቀጥሎ በጥርስ ብሩሽ አቼቶውን የተጎዳው ቦታ ላይ ብቻ ቀብተው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም በተጣራ ውሃ አጥበው አሲዱንም ያስወግዱ። ነዳጅ ማደያ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ግን እዚያው የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጽሑፉን አንብበው ይግዙ። በመጨረሻ አልኮል ያፍስሱበት። ለሞባይል ጥገና የሚሸጠው አይሶፕሮፒል የተሻለ ነው፤ ፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶው ውሃ ስላለበት ማድረቁን ያስረዝማል። አሁን ፀሐዩ ስለወጣ ለማድረቅ አይቸገሩም፤ ሆኖም በአይሲዎቹና በሶኬቶቹ ሥር ውሃ ተደብቆ ስለሚቆይ ሙሉ ቀን ሳይሞላው ኃይል አይስጡት።

የጠቆረው መስመር ላይ ቀለሙን በምላጭ ጫፍ በቀስታ ፋቅ ፋቅ አድርገው የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪያገኙ ይሂዱ። መዳቡ ካለ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውን ቅባት) ቀብተው በቀጭኑ ሊድ ይሸፍኑት። ከሌለ ከአሮጌ ትራንስፎርመር የሚፈታ ባለ ቫርኒሽ ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉን ፍቀው፣ ከጤነኛው ቦታ እስከ ጤነኛው ቦታ ይዘርጉ። ቦርዱን ከሁለቱ ገጽ የሚያገናኙት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከመስመሩ ይልቅ ተንኮለኞች ናቸው፤ ከላይ ደኅና መስለው ውስጣቸው ይበላል፤ ስለዚህ ከላይ ገጽና ከታች ገጽ እያንዳንዱን በቴስተር ይለኩ። ሊዱ ግራጫ ሆኖ አልቀልጥ ካለዎት ሙቀቱን ከመጨመር ይልቅ ፍቀው አዲስ ሊድ ይቀላቅሉበት። ሆት ኤር ግን እዚህ ሥራ የለውም፤ የተበላ መዳብ በሙቀት አይመለስም፤ በአልካሊ የላላውን ፓድ ግን ሙቀቱ ይገነጥለዋል።

መልስ ከ፦ ጣና ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴና ወንድሞቼ። ሲፒዩው አጠገብ ቮልቴጁ 5.02 ሆኖ አገኘሁት። ሲፒዩው ባለ 64 እግሩ ነው፤ ቦርዱን አጥቤና አድርቄ ስለካ 63ኛው እግር ከራሙ 18ኛ እግርም ሆነ ከሌሎቹ የመረጃ እግሮች ጋር አይገናኝም፤ የተቀሩት ሰባቱ መስመሮች ግን በተባለው ቅደም ተከተል ተገናኝተዋል። መስመሩ የተቋረጠው ባትሪው ከነበረበት ሥር ባለች አንዲት ቀዳዳ ላይ ነው። በባለ ቫርኒሽ ሽቦ ካገናኘሁት በኋላ የስሕተት ጽሑፉ ጠፍቶ ጨዋታው ተነሥቷል። ራም አልቀየርኩም። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የባትሪው ነው፤ በቦታው ለኮምፒውተር የሚሆነውን ባለ 3 ቮልት ሳንቲም መሳይ ባትሪ ልበይድበት ወይስ ባዶውን ልተወው?

መልስ ከ፦ የፖሊ ግቢ ቴክኒሻን

እንኳን ደስ አለዎት። ባትሪው የሚያገለግለው ኃይሉ ሲጠፋ የቦርዱን ማስተካከያዎች፣ የሳንቲም ቆጠራውን፣ ከፍተኛ ነጥቦችንና ሰዓቱን ለማቆየት ነው፤ ባይኖርም ጨዋታው ይሠራል። ልጆቹ ነጥባቸው ተመዝግቦ እንዲቆይ ካልፈለጉ በስተቀር እኔ ባዶውን እንዲተዉት እመክራለሁ።

የግድ ማድረግ ካለብዎት፣ የሳንቲም ባትሪውን እንዳለ በድሮው ቦታ አይበይዱት። ቦርዱ የድሮውን ባትሪ የሚሞላ ወረዳ አለው፤ የሳንቲሙ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ አይሞላም፤ ኃይል ከተገፋበት ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ቦርዱ አንድ ዳዮድ በተከታታይ ያስገቡ፤ ባለ ጭረቱ ጫፍ ወደ ቦርዱ ይዙር፤ ያን ጊዜ ኃይል ከባትሪው ይወጣል እንጂ አይገባም። ዳዮዱ ከቮልቴጁ ጥቂት ስለሚቀንስ፣ አነስ አድርጎ የሚቀንሰውን ሾትኪ የሚባለውን ዓይነት ይምረጡ። ባትሪውንም በሽቦ አውጥተው ከቦርዱ ውጭ፣ በማቀፊያው ውስጥ፣ ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር ያስሩት፤ አንድ ቀን ቢፈስ እንኳ ፈሳሹ ቦርዱ ላይ አይወርድም።