በጉም ጊዜ ለሚደርስ የአውሮፕላን አደጋ የነፍስ አድን ዝግጅት፦ ሦስተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ለሁለቱ ከተሞች፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ፣ አስተዳደር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ተስተካክሏል። ዓላማው አልተለወጠም፤ ትንሽ አውሮፕላን በጉም ውስጥ ለማረፍ ሲያቆለቁል ማኮብኮቢያው ላይ ሳይደርስ ቢወድቅ፣ የሚወድቀው ከአጥሩ ውጭ በገበሬ ማሳ ወይም በተራራው ጥግ በመሆኑ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ምን እንደሚሠራና ቁስለኛው በማን መኪና እንደሚነሣ ከወዲሁ ይወሰን የሚል ነው። 12 ቃሬዛ፣ የአሽከርካሪዎች ስልክ ዝርዝርና በዓመት አንድ የልምምድ ቀን ተጠይቋል። መዋጮው በአባል 500 ብር ነው።

የቦርከና አባል (ከኮምቦልቻ)፦ «የደሴና የኮምቦልቻ» የሚለው ርእስ ካልተገለበጠ አልፈርምም። አየር ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ በሞተሩ ጩኸት ከብቱ የሚደነብርብን እኛ ነን። በአምቡላንሱ መዋጮም ስማችን ከኋላ ገብቶ መኪናው የት እንደቀረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የሆጤ አባል (ከደሴ)፦ አምቡላንሱን ባታነሣው ይሻልህ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ የጣራ ቆርቆሮ መቁጠር ከጀመርን በኋላ ጉሙ ሲዘጋበት ሽቅብ ተነሥቶ መለሰን፤ ያን ቀን እጄ ላይ የቀረው የሻንጣ ወረቀት «ዲ ኤስ ኢ» ይላል። ዓለም በደሴ ስም የሚያውቀውን ማረፊያ እኛ ለምን እናዞረዋለን?

የቦርከና አባል፦ እሱ የሻንጣ ስም ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት መለያ «ኤች ኤ ዲ ሲ» ሲሆን የመጨረሻዋ ፊደል የኮምቦልቻ ናት።

ነርሷ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት በክረምት የወጣ ያውቀዋል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፣ ጉም ሲወርድም ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት አይታይም። አውሮፕላኑን የጣለው ጉም አምቡላንሱንም ያንኑ ሰዓት ያቆመዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና እዚያው ኮምቦልቻ ይሰጥ የሚል አንቀጽ ይግባ።

የሆጤ አባል፦ ይኸው፣ በሕክምና ስም ደሴን ማስወጣት ተጀመረ።

ነርሷ፦ እኔ የደሴው ሸዋ በር ልጅ ነኝ፤ ደሴን ከምን ላስወጣት ነው?

የአቪዬሽን ጡረተኛ፦ የሆጤውን አባል የመለሰው አብራሪ ግዴታውን ነው የተወጣው፤ በተወሰነለት ዝቅተኛ ከፍታ ማኮብኮቢያውን ካላየ መነሣት አለበት። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ስትበር በመጥፎ አየር ተራራ የመታችው ትዊን ኦተር የተባለች ትንሽ አውሮፕላን፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩትን ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎች ሞተውባት፣ ስባሪዋ የተገኘው ከ6 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ጉሙ ውስጥ ድምፅ የሰማ እረኛ ለማን እንደሚደውል ይጻፍ። ሰው ለማዳን ካልሆነ ስባሪው አይነካ፤ «ጥቁር ሣጥን» የሚባለውም ቀለሙ ብርቱካናማ መሆኑ ይነገር፣ አለበለዚያ ልጆች ይወስዱታል። ሙሉ ልምምድ ቢያንስ በየ2 ዓመቱ እንዲደረግ አየር ማረፊያዎችን ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ያዛል፤ የእኛ ከዚያ ጋር ይያያዝ።

የሆጤ አባል፦ በትናንቱ ንግግሬ እኅቴን ነርሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሙ በፊደል ተራ ይሁንና እንገላገል።

የቦርከና አባል፦ ተስማማሁ፤ በሀለሐመ «ከ» ከ«ደ» ይቀድማል።

የሆጤ አባል፦ እኔ ያልኩት በአበገደ ነው።

ጸሐፊ፦ ርእሱ «የደቡብ ወሎ» ተብሏል፤ ከዚህ በኋላ በስም ጉዳይ የሚጻፍ መልእክት አላነብም። የሚኒባስ ባለንብረቱ የአሽከርካሪዎቹን ስልክ እሰበስባለሁ ካሉ 11 ቀን ሆነ፤ ዝርዝሩ የት ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስሙ ካማረ በመግቢያው ላይ ሰሌዳ ይቁም። አንድ ነጋዴ የድርጅታቸው ስም ከሥር ከተጻፈ ግማሹን እችላለሁ ብለዋል፤ በጉም በረራ ሲዘገይ ተሳፋሪ የሚጠለልበት ዳስም ይጨመር ይላሉ። ይህን ለመሸፈን ቃሬዛው ወደ 4 ዝቅ ብሏል።

የቦርከና አባል፦ ዳሱ ጥሩ ሐሳብ ነው።

የሆጤ አባል፦ እኔም እደግፋለሁ።

ነርሷ፦ የልምምዱ ቀንስ?

ጸሐፊ፦ ከሰሌዳው ምረቃ ጋር እንዲሆን በአራተኛው ረቂቅ ገብቷል። የስልክ ዝርዝሩን የሚኒባስ ባለንብረቱ ስልካቸውን ሲያነሡ እጨምራለሁ።