ኦፔራ እየተማርኩ ጃዝ ብዘፍን ድምፄ ይበላሻል እንዴ?

ሶፕራኖዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክላሲካል ድምፅ እያጠናሁ ነው። ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ነኝ። የምሠራው ሞዛርት፣ ፑቺኒ፣ ሹበርት ምናምን ነው፣ በጣምም እወደዋለሁ። ግን ጃዝ ስሰማ ልቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ምን ላድርግ።

በቅርቡ የክፍል ጓደኞቼ ከትሪዮአቸው ጋር እንድዘፍን ጠየቁኝ። ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ናቸው። አስተማሪዬ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «ወይ ይሄን ወይ ያንን ምረጪ፣ ሁለቱን ካልሽ ድምፅሽን ታጪዋለሽ» አለችኝ። እኔም ፈራሁ፣ ግን ልምምዱን አልተውኩም። ችግሩ ደግሞ እዚያ ስዘፍን የሆነ ነገር ልክ አይመጣም። ኖታው ልክ ነው፣ ቃሉ ልክ ነው፣ ግን ጃዝ አይደለም። ድራመሩ ምንም ሳይለኝ ተነሥቶ የማይኩን ማቆሚያ ከፊቴ ራቅ አደረገው። እሱ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በኦፔራም በጃዝም በቁም ነገር የሠራች ዘፋኝ አለች ወይ? ለጨዋታ አንድ አልበም አውጥታ የተወችውን ማለቴ አይደለም። ካለችስ እንዴት አድርጋ ነው የቻለችው?

የሸክላ ወዳጅ

አለች እንጂ! የኦፔራ ሶፕራኖዋን አይሊን ፋረልን ስሚ። ዛሬ ማታ ሌላ ሥራ ካለሽ ተይውና እሷን ስሚ።

ፋረል በ1920 ኮነቲከት የተወለደች አሜሪካዊት ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እናትና አባቷ መድረክ ላይ አብረው እየዘፈኑ የሚኖሩ ነበሩ፣ ስለዚህ ተወዳጅ ዘፈን ለሷ የቤት ነገር ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ ሬዲዮ ላይ የራሷ ፕሮግራም ነበራት። ድምፅዋ ግን ትልቅ፣ በጣም ትልቅ ነው። ቫግነርን፣ ቬርዲን፣ የአልባን በርግን «ቮዜክ» ሳይቀር የምትዘፍን ሴት ናት።

አሁን ዋናው ታሪክ። በ1959 ጣሊያን፣ ስፖሌቶ ፌስቲቫል ላይ የቬርዲን ሬክዊየም (ለሙታን ጸሎት የተጻፈ ሙዚቃ) ልትዘፍን ሄደች። ታዋቂው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ሉዊ አርምስትሮንግም እዚያው ከባንዱ ጋር ሊጫወት መጥቶ ነበር፣ በድንገት በጠና ታመመ። ያን ጊዜ እሷ ከሱ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ወጥታ ጃዝ ዘፈነች። ሬክዊየም ልትዘፍን የሄደች ሴት! ወሬው አሜሪካ ደረሰና ኮሎምቢያ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ በ1960 የብሉዝና የጃዝ ስታንዳርድ (የጃዝ ሰው ሁሉ የሚጫወታቸው የታወቁ ዘፈኖች) አልበም አወጣላት፣ ያቀናበረው ሉተር ሄንደርሰን ነው። ልብ በይ፣ ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ (ሜት) ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችውም በዚያው በ1960 ነው፣ በግሉክ «አልሴስት»። በ1962 ደግሞ የሜትን የዓመት መክፈቻ ከፍራንኮ ኮሬሊ ጋር ዘፈነች። በዚያው ጊዜ ከፒያኒስቱ አንድሬ ፕሬቪን ጋር የጃዝ ባላድ (ዘገም ያለ ዘፈን) አልበም ትቀዳለች። «ምረጪ» ያላትን ሰው አልሰማችም ማለት ነው።

ድምፅዋ ተበላሸ? በ1970ዎቹ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር ቆየች፣ ከዚያ ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲል ተመልሳ ስቱዲዮ ገብታ አልበም በአልበም ላይ ደረበች። ሁሉም ስታንዳርድ ነው። የተበላሸ ድምፅ እንደዚያ አይሠራም።

ስትሰሚያት አንድ ነገር አስተውይ። የኦፔራ ቅጂዋንና የጃዝ ቅጂዋን አከታትለሽ ብታጫውቺ አንድ ሰው ነው ብለሽ አታምኚም። ጃዙ ላይ ዝቅ ብላ፣ በምታወራበት ድምፅ ነው የምትገባው። ከፍ ያለ ኖታ ፍለጋ አትሄድም። ያ ሁሉ ጉልበት እንዳላት ታውቂያለሽ፣ እሷ ግን አታወጣውም። እኔን የሚገድለኝ እሱ ነው።

ባለ ሙሉ ኖታ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፣ ፋረልን እኔም እወዳታለሁ። ግን ለተማሪ እንደ ምሳሌ መስጠቱ ትንሽ ያሳስበኛል። ፋረል ሜት ስትገባ አርባ ዓመቷ ነበር፣ ድምፅዋ ተሠርቶ ያለቀ ነው። አንቺ ገና እየሠራሽ ነው።

ለአንቺ የሚቀርበው የኦፔራ ሶፕራኖዋ የረኔ ፍሌሚንግ ታሪክ ይመስለኛል። ፖትስዳም፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ተማሪ እያለች በየሳምንቱ አንድ መጠጥ ቤት ከጃዝ ትሪዮ ጋር ትዘፍን ነበር። ያው እንደ አንቺ። ሳክስፎኒስቱ ኢሊኖይ ዣኬ ሰምቷት ከባንዱ ጋር እንድትዞር ጋበዛት። ኢሊኖይ ዣኬ እኮ ነው! ማን እምቢ ይላል? እሷ ግን ትታው ለማስተርስ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች፣ ቀጥሎ ጁሊያርድ። በ1991 ሜት ላይ በሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ኮንቴሳዋን ሆና ወጣች። ጃዙን እንደገና በትልቁ ያነሣችው በ2005 ነው፣ ፒያኖ ላይ ፍሬድ ኸርሽ፣ ጊታር ላይ ቢል ፍሪዜል ሆነው። እዚያ አልበም ላይ ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ስሟን ሳታዪ ከሰማሽው «ማን ናት?» ነው የምትዪው።

ስለዚህ አስተማሪሽ ጨካኝ አይደለችም። ጃዝ ራሱን የቻለ ዕድሜ ልክ የሚጠና ሙያ ነው፣ ኦፔራ የደከመው ሰው የሚያርፍበት ቦታ አይደለም። ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) ማወቅ፣ ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ (እዚያው እየፈጠሩ መዝፈን)፣ ከባንድ ጋር መደማመጥ፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ቀኑ ደግሞ ለሁላችንም 24 ሰዓት ነው።

ጋሽ ፒያኖ

ልጄ፣ እኔ ለብዙ ዓመት ዘፋኞችን በፒያኖ ሳጅብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ክላሲካሉንም ጃዙንም። ድራመሩ ማይኩን ያራቀው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የኦፔራ ዘፋኝ ያለማይክ ከኦርኬስትራ በላይ የምትሰማው ስለምትጮህ አይደለም። የኦርኬስትራው ጉልበት በብዛት ያለው ታች፣ 500 ኸርትዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው። ወደ 3,000 ኸርትዝ ስትወጪ ይሳሳል። የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ ደግሞ ኃይሉን የሚሰበስበው እዚያው 3,000 አካባቢ ነው፣ የሰው ጆሮም በተፈጥሮው እዚያ ላይ ስል ነው። በዚያ ክፍተት ሾልኮ ነው ሜትን የሚያህል፣ ወደ 3,800 ሰው የሚይዝ አዳራሽ መጨረሻ ወንበር ድረስ የሚደርሰው። አንቺ ይሄን ድምፅ ዓመታት ለፍተሽ እየሠራሽው ነው። ከዚያ ማይክ አፍሽ ላይ ሲደቀንበት ምን ይሆናል? ጆሮ ይወጋል። ልጁ ጆሮ ያለው ልጅ ነው፣ አትቀየሚው።

ሁለተኛው ጉዳይ ኪይ ነው፣ ዘፈኑ የሚዘፈንበት ከፍታ ማለቴ ነው። ሶፕራኖ ወደ ላይ ስትወጣ አፏን ከፍታ አናባቢውን ሁሉ ወደ «አ» ታቀርበዋለች፣ ካልሆነ ድምፁ ይታነቃል። ኦፔራ ላይ ያስኬዳል፣ ጃዝ ላይ ግን ቃሉ ጠፋ ማለት ዘፈኑ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ፒያኒስቱን አራት አምስት ኖታ አውርድልኝ በዪው። አትፈሪ፣ ይሄ የየቀን ሥራው ነው።

ድምፅ ይበላሻል ወይ ላልሽው፣ ጃዝ ብቻውን ጉሮሮ አያበላሽም። የሚያበላሸው የደረት ድምፅን በግድ ወደ ላይ መግፋት ነው፣ ሞኒተር (የራስሽን ድምፅ የሚያሰማሽ ስፒከር) በሌለበት ከድራም ጋር መፎካከር ነው፣ ደረቅ አየር ባለበት ክፍል እስከ እኩለ ሌሊት ዘፍኖ ጠዋት ትምህርት መግባት ነው። እነዚህን ጠብቂ።

ሶፕራኖዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አድርጎ አልነገረኝም። ፋረልንም ስሰማ አመሸሁ፣ አልቅሻለሁ። ባለ ሙሉ ኖታ፣ አንተም ያልከው ገብቶኛል፣ ትምህርቱን አልተውም። ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የኦፔራ ድምፅን ሙሉ በሙሉ መደበቅ ግዴታ ነው እንዴ? ያ ድምፅ እኮ የኔ ነው።

የሃዋርድ ልጅ

ግዴታ አይደለም! የኦፔራ ሶፕራኖዋን ጄሲ ኖርማንን ስሚ። እዚሁ አጠገብሽ፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው፣ በ1967 ተመርቃ። ከዚያ በርሊን ሄዳ በ1969 በቫግነር «ታንሆይዘር» ጀመረችና ዓለም አወቃት። በ2010 ያወጣችው በርሊን ላይ በቀጥታ የተቀዳ ሁለት ሲዲ አለ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን መንፈሳዊ መዝሙርም፣ የዱክ ኤሊንግተንንም፣ ብሉዙንም ትዘፍናለች። ድምፅዋን አሳንሳ አይደለም። ያው ግዙፉ ድምፅ ነው፣ ከነሙሉ ግርማው። አንዳንድ የጃዝ ሰው አይወደውም፣ «ከበደ» ይላል። እኔ ግን እወደዋለሁ፣ አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገች ልጅ የራሷን ሙዚቃ ስትዘፍን ማንም ፈቃድ ሊሰጣት አይገባም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደችም አለች፣ ዘፋኟ ሮበርታ ፍላክ። በ15 ዓመቷ በስኮላርሺፕ ሃዋርድ የገባች፣ ክላሲካል ፒያኖ የተማረች ልጅ ናት። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ምግብ ቤት የኦፔራ ዘፋኞችን በፒያኖ ታጅብ ነበር፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ ጓዳ ወዳለው ፒያኖ ሄዳ ለራሷ ብሉዝና ፎክ ትዘፍናለች። የድምፅ አስተማሪዋ የወደፊት ዕድልሽ ከክላሲካሉ ይልቅ ፖፑ ላይ ነው አላት። ሰማችው። ካፒቶል ሂል ላይ ሚስተር ሄንሪስ የሚባል ቤት ስትዘፍን ቆይታ የሆነችውን ሆነች። አዘፋፈኗን ስሚው ግን፣ ያ እርጋታ፣ ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መያዟ፣ የክላሲካል ትምህርቱ የትም አልሄደም።

ደግሞ አንቺ ትዝታ እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ አይደለሽም? ዘፋኟ ቃሉን ከምቱ ኋላ አስቀርታ፣ ድምፁን አጣጥፋ፣ እንደገና ስትይዘው ሰምተሻል። ጃዝ የሚጠይቅሽ ከዚያ በጣም የራቀ ነገር አይደለም።

ባለ ሙሉ ኖታ

የትዝታው ነገር ጥሩ ነጥብ ነው። ኖርማን ላይ ግን አልስማማም፣ ስዊንግ (የጃዝ የሚወዛወዝ ምት) ሲመጣ ያ ድምፅ ለመዞር ጊዜ ይፈጅበታል። መንፈሳዊ መዝሙሩ ላይ አቻ የላትም፣ እሱን ማንም አይክደኝም።

ጋሽ ፒያኖ

ሁለታችሁም አትጣሉ፣ ልጅቷ የምትሠራው ነገር ትፈልጋለች።

ሶፕራኖዋ፣ እንዲህ አድርጊ። ዘገም ያለ አንድ ስታንዳርድ ምረጪ፣ ፈጣኑን ለጊዜው ተይው። ግጥሙን ከኖታ ለይተሽ በእጅሽ ጻፊውና ለሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ አንብቢው። የት ቆም እንዳልሽ፣ የት እንደፈጠንሽ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ሜትሮኖሙን ቀስ አድርጊና የሚመታውን ሁለተኛውና አራተኛው ምት አድርገሽ ቁጠሪው እንጂ አንደኛውና ሦስተኛው አታድርጊው። መጀመሪያ ያስቸግርሻል፣ ኦፔራ ላይ የለመድሽው የኮንዳክተሩን አንደኛ ምት መጠበቅ ነው። በዚያ ምት ላይ ግጥሙን ሳትዘፍኚ ተናገሪው። ሲመችሽ ብቻ ዜማውን ጨምሪበት፣ ድምፅሽ ከንግግርሽ ብዙም ሳይርቅ። ረጅሙን ኖታ ስትይዢ መጀመሪያ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ መርገብገቡን ለመጨረሻው አቆዪው።

ይሄን ከኦፔራ ልምምድሽ በኋላ አድርጊው፣ ከፊቱ አይሁን። መሃል ላይ ግማሽ ሰዓት ዝም በዪ፣ ውኃ ጠጪ። ከትሪዮው ጋር ስትገናኙ ደግሞ መጀመሪያ ከቤዙ ጋር ብቻ፣ ፒያኖና ድራም ሳይኖር አንድ ዙር ዝፈኚው። ቤዙ ላይ ተደግፈሽ መሄድ ከቻልሽ ድራመሩን ጥሪውና ማይኩን አንቺው ራስሽ አስተካክይው።