ተስማምተን ሌላም ወዳጅ አለን፤ ምርመራውና ኮንዶሙ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ባልና ሚስት ነን። ተነጋግረን፣ በሁለታችንም በኩል ሌላ ወዳጅ አለ። እርግዝናን በመርፌ እንከላከላለን። በየስንት ጊዜ እንመርመር? እኛ ለእኛ ኮንዶም መተው የምንችለውስ መቼ ነው?

መልስ 1፦ መርፌው ለእርግዝና እንጂ ለበሽታ አይሆንም። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ በየሦስት ወሩ ተመርመሩ። ከጣት ደም ተወስዶ የሚደረገው የኤች አይ ቪ ምርመራ ቫይረሱን እስከ 90 ቀን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለትናንቱ ግንኙነት የዛሬው «ነፃ» ምንም አይነግራችሁም። ከሌሎቹ ጋር ያለማቋረጥ በኮንዶም እየተጠቀማችሁ 90 ቀን ካለፈ በኋላ ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ ያኔ ተነጋገሩበት። አንዱ ጋ ኮንዶም ከተቀደደ በዚያው ቀን ይናገር፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

መልስ 2 (ቡሬ)፦ ኮንዶም ሲቀደድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅባት ነው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት ላቴክሱን (ኮንዶሙ የተሠራበትን ላስቲክ) በደቂቃዎች ያደክመዋል። የጎጃም ቅቤ ለወጥ ይሁን! ከፋርማሲ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ግዙ። ጫፉን ቆንጥጣችሁ አየሩን አስወጡ፣ ሁለት አትደርቡ፣ ሲጨረስ የኮንዶሙን ሥር ይዛችሁ ብልት ሳይለሰልስ አውጡ። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲኬድ አዲስ ነው። በኪስ ቦርሳ የከረመውን ጣሉት።

መልስ 3፦ ኮንዶም ከተቀደደ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ስለ ፔፕ ጠይቁ፤ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ ለ28 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ በተለይ ሴት ላይ ያለ ምልክት ይቀመጣሉ፣ «አያመኝም» ማስረጃ አይደለም። አንድ ሰው ላይ ከተገኘ አራቱም አብረው ይታከሙ፤ አለዚያ የዳነውም መልሶ ይያዛል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ በወሩ፣ በስድስተኛው ወር።