የግንባሬን ንቅሳት ቤት ውስጥ ላጠፋ ስል ቆሰለ፤ ምን ላድርግ?

የሞጣ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገኖቼ። ግንባሬ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለኝ። ያደግኩት ሞጣ አካባቢ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ጎረቤታችን የነበሩ እማማ በመርፌና በጥላሸት ነቀሱኝ። ያኔ ከእኩዮቼ ጋር ተራ ይዤ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተነቀስኩት። አሁን 26 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ እሠራለሁ። ንቅሳቱን ንቄው አይደለም። ግን ሰው ሁሉ ከፊቴ በፊት የሚያየው ግንባሬን ነው፤ ደከመኝ። ሠርጌ ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ሁለት ወር ቀርቶኛል።

አንድ ቪዲዮ አይቼ ሎሚና ጨው ቀላቅዬ ሦስት ሌሊት በፎጣ ፈተግኩት። አሁን ቆስሏል፣ ያቃጥለኛል፣ ዙሪያውም ቀልቷል። መስቀሉ ግን እንዳለ ነው። በቴሌግራም ያዘዝኩት የታቱ ማጥፊያ ክሬም ትናንት ደረሰኝ። ከምን እንደተሠራ አልተጻፈበትም። አሁኑኑ ልቀባው ወይስ ቁስሉ እስኪደርቅ ልጠብቅ?

ነርስ ከሐዋሳ፦ እህቴ፣ ክሬሙን አሁንም አትቀቢው፣ ሲደርቅም አትቀቢው። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚልጥ አሲድ አለባቸው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እስካሁን አንድም የንቅሳት ማጥፊያ ክሬም አላጸደቀም። ያንቺ ላይ ደግሞ ምን እንዳለበት እንኳ አልተጻፈም።

አሁን ሥራሽ ቁስሉን ማዳን ነው። በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቀስ አድርገሽ እጠቢው። አትፈትጊው። ስስ አድርገሽ ቫዝሊን ቀቢና በንጹሕ ጎዝ ሸፍኚው፤ በየቀኑ ቀይሪው። የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ ቅቤ የሚሉሽን አትስሚ። ቅርፊት ሲይዝ አትላጪው፤ ጠባሳ የሚያመጣው አንዱ እሱ ነው። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል፤ ስለዚህ ፀሐይ አታስመቺው።

መግል አለው? ቅላቱ እየሰፋ ነው? ትኩሳት ይሰማሻል? ከነዚህ አንዱ ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ ነው የወሰድሽው?

የሞጣ ልጅ፦ መግል የለውም፣ ትኩሳትም የለኝም። ክትባቱን ግን አላስታውስም።

ነርስ ከሐዋሳ፦ እንግዲያው ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂና ክትባቱ ያስፈልግሽ እንደሆነ ይንገሩሽ። ቁስሉንም ይዩልሽ።

ከአዳማ፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ክንዴ ላይ የድሮ ጓደኛዬ ስም ነበር። በጨውና በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ደም በደም ሆነ። አንድ ወር ሙሉ አመረቀዘ። ከዳነ በኋላ ጠባሳው ማበጥ ጀመረ፤ ከቁስሉም አልፎ ሰፋ። ኬሎይድ ይሉታል። አሁን ሦስት ዓመት ሆነው። ስሙ ግን ከነፊደሉ ይነበባል፤ ያውም አብጦ፣ በእጅ እየተዳሰሰ። ለማሳነስ ስንት ጊዜ መርፌ ተወጋሁ። ክንድን በእጅጌ ይሸፍኑታል፤ ግንባርን በምን ትሸፍኚዋለሽ? በናትሽ ተይው።

አባት ከደሴ፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ኪንታሮትን በቁልቋል ወተት ነበር የምናጠፋው። ጠብ ቢደረግበት ይለቅ ይሆናል።

የቆዳ ሐኪም፦ አባታችን፣ ለልጅቱ ብለው እንደተናገሩ ይገባኛል። ግን የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል። ዓይን ከገባ ብርሃንን ክፉኛ ይጎዳል። ግንባር ላይ የተቀባ ነገር ደግሞ ከላብ ጋር ወደ ዓይን ይወርዳል። እባክዎ ለሌላም ሰው እንዳይመክሩት።

እህቴ፣ መፈተግ ለምን እንደማይሠራ ላስረዳሽ። ጥላሸቱ ላይ ላዩን አይደለም ያለው። የላይኛው ቆዳ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ በየጊዜውም ይታደሳል። ንቅሳት እዚያ ቢሆን ኖሮ በወር ውስጥ ራሱ በጠፋ ነበር። ቀለሙ ያለው ከእሱ ሥር ነው። ቆሻሻ የሚበሉ የሰውነት ሕዋሳት ቀለሙን ውጠው ይይዙታል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይረከበዋል። እስከዚያ ድረስ በጨውም በአሲድም ብትወርጂ ጠባሳ የሚተው ጥልቀት ላይ ደረስሽ ማለት ነው። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ኬሎይድ ይበዛል።

ሌዘር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ብርሃኑ ላይኛውን ቆዳ አልፎ ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪውን ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ለዚህ ነው በየዙሩ መካከል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚጠበቀው። አንዳንዱ በጥቂት ዙር ይለቃል፤ ሌላው ስምንትና አሥር ይፈልጋል። ደስ የሚለው፣ የጥላሸት ጥቁር ከቀለማት ሁሉ ለሌዘር ይበልጥ እሺ የሚል ነው። አረንጓዴና ቢጫ ናቸው የሚያስቸግሩት።

ስትሄጂ ማሽኑ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ለጠቆረ ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው ባለ 1064 ናኖሜትር ነው። የውበት ሳሎን የፀጉር ማስወገጃ ወይም አይፒኤል የሚባለው ሌዘር ያልሆነ የብርሃን ማሽን ከሆነ ተመለሺ፤ ያቃጥልሻል። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩልሽ። ዓይንሽንም መከለያ ያድርጉልሽ። ከሠርጉ በፊት ግን አትጀምሪ። ቁስልሽ በደንብ መዳን አለበት፤ በሁለት ወርም አያልቅም። የት ልጀምር ካልሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። ምርመራውን እዚያ አድርጊና ሌዘሩ የት እንደሚሠራ ጠይቂያቸው።

ከነታንያ፦ እኔ የምኖረው እስራኤል ነው። አያቴ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ እንዳንቺ መስቀል ነበራቸው። ከክርስቲያኑ ጋር ተመሳስለው ለመኖር ነው የተነቀሱት። ኦሪት ደግሞ ንቅሳትን ይከለክላል፣ ዘሌዋውያን 19፥28። እዚህ ሲመጡ በጣም ያፍሩበት ነበር፤ ሻሻቸውን ቅንድባቸው ድረስ ያወርዱት ነበር። በሌዘር ተነሣላቸው። ቦታው ዓመት ያህል ነጣ ብሎ ቆይቶ ተመለሰ። ስለ መንጣቱ የነገረን ሰው ስላልነበረ ደንግጠን ነበር። አንቺ አስቀድመሽ እወቂው።

ሙሽራ የምኩል፦ ለሠርግሽ አታስቢ እናቴ። ጥላሸት ከቆዳ ሥር ሰማያዊ ይመስላል። የቆዳሽን ቀለም ያለው ሜካፕ ብቻ ከቀባሽበት ግራጫ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ኮሬክተር (ሰማያዊውን የሚያጠፋ ቅባት) በስሱ ነክተሽ፣ ከዚያ የቆዳሽን ቀለም ያለው ኮንሲለር (መሸፈኛ)፣ በላዩ ፓውደር። በፎቶም አይታይም። ግን ቁስሉ ሳይድን አይሆንም። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙከራ አድርጉ።

የሞጣ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ክትባቱን ወሰድኩ፤ ቁስሉን አጥበው ሸፈኑልኝ። ክሬሙን ጣልኩት። ሐኪም ጋ የምሄደው ከሠርጉ በኋላ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ለፀሐዩ ነጠላዬን ብደርብበት ይበቃል?

ነርስ ከሐዋሳ፦ ነጠላ ስስ ነው፤ ፀሐይ ያሳልፋል። ጥላ ያዢ ወይም ጠርዙ ሰፊ ኮፍያ አድርጊ። ቁስሉ ሲዘጋ ደግሞ ኤስፒኤፍ (SPF) የሚለው ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ ተቀቢ።