እምነቴን ካጠበቅኩ ወዲህ ሕይወቴ የጠበበው ለምንድነው?

የጎተራው፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጠይቀው ለሙግት አይደለም፤ ጨንቆኝ ነው።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እናቴ እየጎተተችኝ ነበር። አሁን በራሴ እግር ነው የምሄደው። ጫቱም ቀረ፣ ቅዳሜ ማታ ማምሸቱም ቀረ። አብረው የቀሩት ግን ጓደኞቼ ናቸው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የምንገናኘው እዚያ ብቻ ስለነበር ነው።

እንግዲህ ሁዳዴ ነው። ኪዳን ለመድረስ ሳይነጋ እነሣለሁ። ከዚያ ሥራ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ባልደረቦቼ ሽሮአቸውን ሊበሉ ሲወጡ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ እቀራለሁ። ማታ ስግደት አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኤክሴል። አትሳቁብኝ፤ ሙያዬ ስለሆነ ነው መሰለኝ። ለጸሎት አንድ አምድ፣ ለስግደት አንድ፣ ለጾም አንድ። ያደረስኩት አረንጓዴ ይሆናል፣ ያጓደልኩት ቀይ። ባለፈው ሳምንት የወር ሒሳብ መዝጊያ ነበርና ረቡዕና ሐሙስ ቀይ ሆኑ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ እነሱ ላይ ነበር።

ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ የመጣው ሕይወት እንዲበዛልን እንደሆነ ይናገራል። እስካሁን የበዛልኝ ቀይ ነው። ያ የሚባለው ነፃነት እናንተ ጋ ደርሷል? እንዴት ደረሰ?

ጸጋ ብቻ፦
ወንድሜ፣ ገላትያ 5፥1ን አንብብ። ክርስቶስ ነፃ ያወጣን በነፃነት እንድንኖር ነው፤ እንደገና ቀንበር አትሸከም። የዳንከው በጸጋ ነው እንጂ በስግደት ብዛት አይደለም። ሠንጠረዡን ዛሬውኑ ደምስሰው። እኛ ጋ ብትመጣም በደስታ እንቀበልሃለን።

የጎተራው፦
አመሰግናለሁ። ቤት ልቀይር ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ደግሞ አንድ ጴንጤ ባልደረባ አለኝ፤ እሱም «ዛሬ ጥሞና ሳልይዝ ወጣሁ» እያለ እንደ እኔው ሲጨነቅ ነው የሚውለው።

ጸጋ ብቻ፦
ሃሃ፣ እሷ እንኳ እውነት ናት። እኛም ጋ አለች።

የቤይሩቷ፦
ሰላም ወንድሜ። እኔ በሰው ቤት ነው የምሠራው። ጾሙን እንደ ልቤ አልጾምም፤ የሰጡኝን ነው የምበላው። ሩዝና ሰላጣ የሆነ ቀን ተመስገን እላለሁ። ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ውዳሴ ማርያም ግን በቃሌ ነው፤ የኔታ ያስጠኑት ወንድሜን ነበር፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ስሰማ ያዝኩት። ልብስ ስተኩስ የዕለቱን እደግማለሁ፤ ሰኞ የሰኞን፣ ማክሰኞ የማክሰኞን። ማዳም ከጠራችኝ እሺ ብዬ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። በዚያች ሰዓት የማንም ሠራተኛ አይደለሁም። እንዴት እንደምገልጽልህ አላውቅም፤ ሰውነቴ ራሱ ይቀለኛል። አልፈርድብህም። ግን ያንተ ኤክሴል እኔ ጋ ቢመጣ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው።

የጎተራው፦
እህቴ፣ እግዜር በሰላም ለሀገርሽ ያብቃሽ። አንቺን አንብቤ ግን ጭንቀቴ የሚለቀኝ አይመስለኝም። እንዲያውም «እሷ በዚያ ሁኔታ እያመሰገነች አንተ ታማርራለህ» የሚል አራተኛ አምድ ልከፍት ነው።

ባለ ሱቁ፦
ልጄ፣ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ገበያው ቀዝቅዟልና ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር በእናታችን ቤት ተካስሰን ፍርድ ቤት ስንመላለስ ዓመታት አለፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጾም አልፈታሁም። የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ እኔ ነበርኩ። ታክሲ ስሳፈር ግን መጀመሪያ አንገቴን አስግጌ ውስጡን አያለሁ። ወንድሜ ካለበት ረዳቱን «ቀጥል፣ ሌላ ነው የምጠብቀው» እለዋለሁ። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ እጠብቃለሁ። እስቲ አስበው፤ አንድ እናት ጡት የጠባነውን ሰው ሸሽቼ ነው ዝናብ የሚመታኝ። አስሮ የያዘኝ ሰው ግን አልነበረም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ኀጢአቴን ስዘረዝር የወንድሜን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አደረግኳት፤ ያውም ጥፋቱ የእሱ መሆኑን አስረድቼ። ስግደት ይጨምሩብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስግደቱን በግማሽ ቀንስ፤ በምትኩ ወንድምህ ቤት ሄደህ እራት ብላ» አሉኝ። «አባቴ፣ ስግደቱን ሦስት እጥፍ ያድርጉብኝ» አልኳቸው። ከምሬ ነበር። እሳቸው ሳቁ።

ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት በር ከፍታ ስታየኝ ደርቃ ቀረች። «ማነው የሞተው?» አለችኝ። አትፍረድባት፤ ለቅሶ ካልሆነ አንገናኝም ነበር። ምስርና ጎመን ቀረበ፣ በላን። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተነሣም። ክሱ በኋላ በሽማግሌ አለቀ። የደረሰኝ ከጠበቅኩት ያንሳል፤ አልዋሽህም፣ አሁንም ሳስበው ቅር ይለኛል። ታክሲ ግን የመጣው ላይ ዘልዬ እገባለሁ።

አሁን ወደ አንተ። የፊታችን እሑድ መጻጉዕ ነው። ወንጌሉ ሲነበብ ልብ ብለህ ስማው። 38 ዓመት አልጋ ላይ የቆየውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው አዎ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ጌታም ተነሥ፣ አልጋህን ተሸከም አለው፤ ተነሥቶ ሄደ። አይሁድ ያዩት ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ? አልጋውን! በሰንበት እንዴት ትሸከማለህ አሉት። ያን ሁሉ ዘመን የተኛ ሰው በእግሩ ቆሞ እያዩ። የአንተም ኤክሴል ከእነሱ ወገን ይመስለኛል፤ አልጋውን ነው የሚያይልህ።

ጾሙን ግን አልነካብህም። 55ቱንም ቀን ጹም። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ምን ዓይነት እንደሆነ ተጽፏል፤ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ይላል። ለመቁረስ ሰው ያስፈልጋል። አንተ ምሳ ሰዓት ብቻህን፣ ማታ ብቻህን፣ ቅዳሴ ላይ እንኳ ከቀዩ ጋር ብቻህን። አንተም ሰው የለህም።

ጸጋ ብቻ፦
ጋሼ፣ በዚህስ አልከራከርዎትም።

የጎተራው፦
ጋሼ፣ «ማነው የሞተው» ላይ ቢሮ መሆኔን ረስቼ ሳቅኩ። የቤተሰባችን የንስሐ አባት አሉ። በዓል ሲደርስ መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ ዳቦ ባርከው ይሄዳሉ። ስለ ራሴ አንድም ቀን አዋይቻቸው አላውቅም። ምን ብዬ ልጀምር? ኤክሴሉን ላሳያቸው?

ባለ ሱቁ፦
አሳያቸው እንጂ! ደውልላቸውና መቼ እንደሚመቻቸው ጠይቅ። በሥራ ቀን የሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ለአንተ አይሆንም። ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ይሻልሃል። የያዝከውን ሁሉ ንገራቸው፤ ሥራህንም ጭምር። ለደከመውም ለበረታውም ልኩን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ለራስህ ቀኖና ሰጪ አትሁን። ካልተግባባችሁ ሌላ አባት መያዝ ነውር የለውም፤ ብቻ ነግረሃቸው ይሁን፣ ሹልክ እንዳትል።

የቤይሩቷ፦
የድሮ ጓደኞችህን ስልክ አጥፍተኸዋል?

የጎተራው፦
አለኝ።

የቤይሩቷ፦
እና ለፋሲካ ዶሮ ጥራቸዋ። እዚያ ከምትሄድ እነሱ ቤትህ ይምጡ። መሥራት ካልቻልክ እኔ በቮይስ እመራሃለሁ።

የጎተራው፦
ይመጡ ይሆን? እሺ፣ ዛሬ ማታ ለአንዱ እደውላለሁ። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ነው?

የቤይሩቷ፦
ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ያዝ፣ ቢበዛ አይከፋም። ዘይት ሳትነካ መጀመሪያ በደረቁ አቁላላው፤ እንዳትቸኩል። ዶሮዋን 12 ብልት አድርጎ ማውጣቱን ግን ለእናትህ ተውላት።